የቡና ሽታ ማንን ይጎዳል? ለሪሶርስ ኮንሰንት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ስለመጻፍ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ሶስት ጊዜ አነበብኩት፣ ድካማችሁ ገብቶኛል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልሽና ታገሺኝ። ሌላም ሰው ቢያነበው እንዲገባው ነገሩን ባጭሩ ልድገመው። አንቺና ባለቤትሽ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ የሀገራችንን ቡና እየቆላችሁ ለካፌዎች ልታከፋፍሉ ነው፣ በአንዴ 15 ኪሎ የሚቆላ የጋዝ ማሽን ገዝታችኋል፣ ያገኛችሁት ቤት ሚክስድ ዩዝ የሚባለው፣ መኖሪያና ንግድ የተቀላቀለበት ዞን ውስጥ ነው፣ ከጀርባው ባለ ሶስት ፎቅ አፓርትመንት አለ። ካውንስሉ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ለአየር ልቀቱም ለቦታው አጠቃቀምም ሪሶርስ ኮንሰንት የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋችኋል ብሏችሁ አመለከታችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ማመልከቻው አልተሟላም ተብሎ ተመለሰ፣ ምክንያቱም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው። የጻፋችሁት አንድ ገጽ ነው፣ ዋናው ሀሳብም እንዲህ ይላል፦ "እኛ ሀገር ቡና ሲቆላ ጎረቤት ይጠራል እንጂ አይሸሽም፣ የቡና ሽታ ማንንም አይጎዳም፣ ስራችን በአካባቢው ላይ ምንም ተጽዕኖ የለውም።" አሁን የምትጠይቂው ሶስት ነገር ነው፣ ምን ብንጽፍ ይቀበሉናል፣ ኮንሰልታንቱ የጠየቀንን ገንዘብ መክፈል ግዴታ ነው ወይ፣ አከራዩ የ6 ዓመት ውል ፈርሙ እያለን ነውና እንፈርም ወይ።

መጀመሪያ አንድ የሚያረጋጋ ነገር ልንገርሽ፣ መመለስ ማለት መከልከል አይደለም። በአርኤምኤ፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 በወጣው የሪሶርስ ማኔጅመንት አክት በሚባለው ህግ፣ አንቀጽ 88 ላይ ካውንስሉ አንድ ማመልከቻ የሚገባው መረጃ ከጎደለው በ10 የስራ ቀን ውስጥ ከነምክንያቱ መመለስ ይችላል። ማንም ሰው ስራችሁን አይቶ "አይሆንም" አላለም፣ ገና አላየውም። ስታስገቡት እንደ አዲስ ማመልከቻ ይቆጠራል፣ ቀኑም ከዜሮ ይጀምራል። እንዲያውም ተቀብለውት ቢሆንና በኋላ በአንቀጽ 92 "ይሄን አምጡ ያንን አምጡ" እያሉ ሰዓቱን እያቆሙ ቢያቆዩዋችሁ የባሰ ነበር፣ እንደዛ እየተመላለሰ ወራት የፈጀበት ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ሀገር ቤት "የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ" ስንል በአዋጅ 299/1995 የሚጠየቀው፣ ግድብ ወይ መንገድ ወይ የቆዳ ፋብሪካ ሲሰራ በጥራዝ የሚቀርበው ወፍራም ሰነድ ነው ትዝ የሚለን። እዚህ ኒውዚላንድ ግን ማንኛውም የሪሶርስ ኮንሰንት ማመልከቻ፣ ጎረቤት አጥር ላይ ጥላ የሚጥል ጋራዥም ቢሆን፣ የራሱ ግምገማ አለው፣ ኤኢኢ ይሉታል። ምን መያዝ እንዳለበት ህጉ መጨረሻ ላይ ያለው ስኬጁል 4 ዘርዝሮታል፣ አንቀጽ 6 እና 7ን ቁጭ ብላችሁ አንብቧቸው፣ ከባድ እንግሊዝኛ አይደለም። ደግሞ እዛው ውስጥ ለትንሽ ሰው ትልቅ ጥቅም ያለው አንድ ሀሳብ አለ፣ ዝርዝሩ ከተጽዕኖው መጠንና ክብደት ጋር የሚመጣጠን ይሁን ነው የሚለው። ስለዚህ አንድ ገጽ መጻፋችሁ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ችግሩ ገጹ ውስጥ ካውንስሉ ሊመዝነው የሚችል አንድም ነገር አለመኖሩ ነው።

"ምንም ተጽዕኖ የለውም" የሚለውን ቃል ከነጭራሹ ርሱት። እኔ ለአመልካችም ጽፌያለሁ፣ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬም የሌላ ሰው ማመልከቻ አንብቤያለሁ፣ እና ያን ዓረፍተ ነገር ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ "ይሄ ሰው ወይ አላሰበበትም ወይ የሚደብቀው አለ" የሚል ነው። በህጉ አንቀጽ 3 ተጽዕኖ ማለት መጥፎውም ጥሩውም ነው፣ ጊዜያዊውም ቋሚውም፣ ከሌላው ጋር ተደምሮ የሚመጣውም፣ የመከሰት ዕድሉ ትንሽ ሆኖ ከተከሰተ ግን ከባድ የሆነውም ጭምር ነው። በዚህ ትርጉም ተጽዕኖ የሌለው ስራ የለም። የናንተ ድርሻ ተጽዕኖው ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚነካ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ በምን እንደምትቀንሱት ማሳየት ነው፣ መካድ አይደለም።

አንባቢውን አስቡት እስኪ። ማመልከቻችሁን የምታየው የካውንስሉ ፕላነር ቢሮዋ ተቀምጣለች፣ ቤቱን አታውቀውም፣ ከናንተ ሌላ ብዙ ፋይል አላት፣ እና ኮንሰንቱን ከመስጠቷ በፊት የምትወስነው አንድ ሌላ ውሳኔ አለ፣ እሱም ለማን ይነገር የሚለው ነው። በአካባቢው ላይ የሚመጣው ጉዳት "ሞር ዛን ማይነር"፣ ማለትም ከቀላል በላይ፣ ከሆነ ለህዝብ በይፋ ይወጣል፣ ማንም ሰው በ20 የስራ ቀን ውስጥ አስተያየቱን ያስገባል። አጠገባችሁ ባለ አንድ ሰው ላይ የሚደርሰው ደግሞ "ማይነር" ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ለዛ ሰው ብቻ ይነገረዋል፣ እሱም የመቃወም መብት ያገኛል። ለማንም ሳይነገር እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ በእያንዳንዱ ጎረቤት ላይ የሚደርሰው "ሌስ ዛን ማይነር"፣ ማለትም ከቀላልም በታች፣ መሆኑን ማሳመን አለባችሁ፣ ያኔ ውሳኔው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ በ20 የስራ ቀን ይደርሳል። ልብ በይ፣ ባንድ ቃል ልዩነት ነው ወይ ወር ወይ ዓመት የምትጠብቁት።

ፕላነሯ ደግሞ ቀና ሰው ብትሆንም ያለ መረጃ "እሺ" ልትላችሁ አትችልም። በ2005 የኒውዚላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዲስካውንት ብራንድስና የዌስትፊልድን ጉዳይ አይቶ ነበር፣ ኖርዝኮት ውስጥ ለሚከፈት የገበያ ማዕከል ካውንስሉ ለህዝብ ሳያሳውቅ የሰጠው ኮንሰንት ነው፣ ፍርድ ቤቱ ካውንስሉ ሳያሳውቅ ለመወሰን የሚያበቃ መረጃ አልነበረውም ብሎ ሻረው። ኮንሰንቱ እጃቸው ከገባ በኋላ ማለት ነው! ከዛ ወዲህ ካውንስሎች ቀጭን ግምገማ ሲያዩ የሚፈሩት ለዚህ ነው፣ ጥሩ አድርጋችሁ ብትጽፉ የምትጠቅሙት ራሳችሁን ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የተናደደ ጎረቤት ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚከላከልላችሁ ያ ወረቀት ነው።

እሺ ሽታው። ይሄን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ ምክንያቱም የናንተ ማመልከቻ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

እኛ ቡና ሲቆላ ምጣዱን ይዘን በእንግዳው ፊት እናዞራለን፣ እንግዳውም ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ ይስባል፣ ይመርቃል። ይሄ እውነት ነው፣ እኔም ያደግኩበት ነው። ግን ያ አንድ እፍኝ ቡና ነው፣ ለአስር ደቂቃ፣ ፈልጎ በመጣ ሰው ፊት። እናንተ የምታወሩት 15 ኪሎ በአንድ ዙር፣ በሰዓት አራት ዙር ከሆነ 60 ኪሎ፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ሳይፈልግ እዛው ለሚኖር ሰው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው አፍንጫም እንደዛ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሽታው ውስጥ የዋለ ሰው አፍንጫው ለምዶት አይሰማውም፣ ስለዚህ እናንተ "አይሸትም" ብትሉ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት መቁያ ቤት ጀርባ ደብተር ይዤ ቆሜ ነበር። ጁላይ ነው፣ የዚህ ሀገር ክረምት፣ ጠዋት፣ ንፋስ የሚባል የለም፣ ጭሱ ከጭስ ማውጫው ወጥቶ ወደ ላይ አይሄድም፣ ጣሪያውን ተንተርሶ ወደ ግቢው ይወርዳል። ሽታ ሲመዘገብ በየ10 ሰኮንዱ እያሸተትክ ከ0 እስከ 6 ቁጥር ትጽፋለህ፣ ለ10 ደቂቃ፣ 60 ቁጥር ይሆናል። መጀመሪያ 0፣ 1፣ 1፣ 2 እያለ ሄደ፣ ደስ የሚል ሽታ ነበር፣ እንዲያውም ናፍቆት ቀሰቀሰብኝ። ቡናው ተንጣጥቶ ሲያበቃና ወደ ማቀዝቀዣው ሳህን ሲገለበጥ ግን ባንዴ 4፣ 5 ገባ፣ ያን ጊዜ የቡና ሽታ አይደለም፣ ያረረ ዳቦና ፕላስቲክ የተቀላቀለበት የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር ነው። አንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቶ ነበር፣ አንዲት ሴት ወጥታ አንሶላውን ሰብስባ ገባች፣ መስኮቱንም ዘጋችው። በኋላ ሳናግራት የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፣ ቀን ነው የምትተኛው። ቅሬታ አስገብታ አታውቅም፣ በየቀኑ መስኮት መዝጋት ብቻ። ያ መስኮት ነው ግምገማችሁ ውስጥ መኖር ያለበት።

ባለሙያዎች ሽታን የሚመዝኑት ፊዶል በሚሉት ነው፣ የአምስት ነገር ምህጻር ነው፣ የአካባቢ ሚኒስቴሩ ስለ ሽታ ባወጣው የ2016 መመሪያ ውስጥም አለ። ስንት ጊዜ ይመጣል፣ ምን ያህል ይከብዳል፣ ሲመጣ ምን ያህል ይቆያል፣ ምን ያህል ያስጠላል፣ የት ነው የሚደርሰው። ካውንስሉ "ደስ የሚል ሽታ ነው ወይስ አይደለም" ብሎ አይከራከርም። ጥሩ ሽታም በየቀኑ፣ ለሰዓታት፣ መኝታ ቤት ድረስ ከገባ ያስጠላል፣ ድግግሞሹ ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ አምስቱንም አንድ በአንድ በናንተ ስራ ላይ አስቀምጡት። ቦታው ላይ ደግሞ በሜትር ለኩ፣ ከጭስ ማውጫው እስከ ቅርቡ መስኮት ስንት ሜትር ነው፣ መስኮቱ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ፣ ባለ ሶስት ፎቅ አፓርትመንት ከሆነ የላይኛው ፎቅ መስኮት ከጭሱ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ኦክላንድ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ነው፣ አፓርትመንቱ ከናንተ ሰሜን ምስራቅ ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው፣ አይደለም ከሆነም ንፋስ የሌለባቸውን የክረምት ጠዋቶች አትርሱ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ቀይሬ ላሳይሽ። እናንተ "የቡና ሽታ ማንንም አይጎዳም" ብላችኋል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ "መቁያው በአንድ ዙር 15 ኪሎ ጥሬ ቡና ይይዛል፣ አንዱ ዙር 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የሚቆላው ከሰኞ እስከ አርብ ከጠዋቱ 9 እስከ ከሰዓት 3 ብቻ ነው፣ በቀን ከ16 ዙር አይበልጥም። ሽታው የሚከብደው በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ላይና ቡናው ሲቀዘቅዝ ነው። ቅርቡ የመኖሪያ መስኮት በስተሰሜን ይሄን ያህል ሜትር ርቀት ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ጭሱ አፍተርበርነር ውስጥ ካላለፈ በዚህ መስኮት ላይ የሚደርሰው ሽታ ተደጋጋሚና የሚረብሽ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የመቁያውም የማቀዝቀዣውም አየር በአፍተርበርነር አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።" ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አፍተርበርነር የሚባለው ደግሞ የሚወጣውን ጭስ የሚያቃጥል ዕቃ ነው። ቁጥሩን በራሳችሁ ቁጥር ቀይሩት፣ እኔ የማላውቀውን ነገር አትቅዱ። ግን አየሽ፣ ጉዳቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ አወጣችሁት፣ ከዛ መፍትሄውን አስከተላችሁ፣ ፕላነሯ የምትጽፈውን ግማሹን ጻፋችሁላት።

ስለ ማሽኑ ጥቂት፣ ባለቤትሽ ይሄን ያንብበው። ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ የሚደፋው ባርኔጣ መሰል ክዳን ጭሱን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ ያለሱ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ የሚያደርግ ሌላ የዝናብ መከላከያ አለ፣ ሻጩን ጠይቁት። ቁመቱ ከራሳችሁ ጣሪያ ጫፍ በደንብ ካላለፈ ጭሱ ህንጻው ጀርባ በሚፈጠረው አዙሪት ተስቦ ይወርዳል፣ እኔ ያን ቀን ያየሁት እሱን ነው። ከፍሬው የሚለቀው ስስ ገለፈት ሳይክሎን በሚባል መያዣ ተይዞ መውጣት አለበት፣ እሱ ካልተያዘ ጎረቤት መኪና ላይ ይበተናል፣ ተጠራቅሞ ከቆየ ደግሞ እሳት ይይዛል፣ የመቁያ ቤት ቃጠሎ ብዙ ጊዜ ከሱ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ በየስንት ጊዜው እንደምታጸዱት ጻፉ። አፍተርበርነር ጭሱን ከ650 ዲግሪ በላይ አሙቆ ያቃጥለዋል፣ ውድ ነው፣ ጋዝም ይበላል፣ አውቃለሁ። ያለ እሱ መስራት እንችላለን ካላችሁ ያን የምታሳዩት በቃል ሳይሆን በአየር ጥራት ባለሙያ ጥናት ነው። ሌላው አማራጭ ቦታ መቀየር ነው፣ ላይት ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ከመኖሪያ የራቀ ቤት ካገኛችሁ የአፍተርበርነሩ ዋጋ ብቻውን የኪራዩን ልዩነት ሊሸፍን ይችላል፣ ሂሳቡን ስሩት። ስኬጁል 4ም ጉዳቱ ከባድ ሊሆን የሚችል ከሆነ አማራጭ ቦታና ዘዴ አይታችሁ እንደሆነ ይጠይቃል፣ የአየር ልቀት ሲሆን ደግሞ ሌላ የአወጋገድ መንገድ መኖሩንም ጭምር።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ካውንስሉ የናንተን ስራ የሚያወዳድረው ከባዶ መሬት ጋር አይደለም። የካውንስሉ ፕላን፣ ማለትም በየዞኑ ምን እንደሚፈቀድ የሚወስነው ደንብ፣ ያለ ኮንሰንት የሚፈቅደው ስራ የሚያመጣው ተጽዕኖ ካለ ያንን ሊተወው ይችላል፣ ፐርሚትድ ቤዝላይን ይሉታል። ለምሳሌ በዛ ዞን ካፌ ያለ ኮንሰንት የሚፈቀድ ከሆነ የካፌን ያህል የደንበኛ ግርግርና መኪና ማንም ሊቃወማችሁ አይገባም። ግን ይሄ የካውንስሉ ፈቃድ ነው፣ ግዴታው አይደለም፣ ደግሞ የማይሆን ነገር አታወዳድሩ፣ "እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ሬስቶራንት ሊከፈት ይችል ነበር" ካላችሁ በእርግጥም ሊሆን የሚችል መሆን አለበት። በተቃራኒው አጠገባችሁ ሌላ የሚሸት ቤት ካለ፣ የተጠበሰ ዶሮ ቤት ምናምን፣ የናንተ ሽታ ከሱ ጋር ተደምሮ ነው የሚታየው። ባዶ መሬት ካለና አፓርትመንት ሊሰራበት ኮንሰንት የወጣበት ከሆነም ሊሰራ የሚችል ከሆነ እንደተሰራ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ዛሬ ያለውን ብቻ አትዩ፣ የጎረቤቶቹን ፋይል ካውንስሉን ጠይቁ።

ደብዳቤያችሁ ላይ ስራችሁ "ሪስትሪክትድ ዲስክሪሽነሪ" ነው ተብላችኋል። ይሄ መልካም ዜና ነው፣ ካውንስሉ ማየት የሚችለው ፕላኑ ለዛ ስራ ዘርዝሮ ያስቀመጣቸውን ጉዳዮች ብቻ ነው። የኦክላንድ ዩኒታሪ ፕላንን ኢንተርኔት ላይ ክፈቱ፣ ስለ አየር ምዕራፍ ኢ14፣ ስለ ድምጽ ኢ25፣ ስለ ትራንስፖርት ኢ27፣ የዞናችሁ ምዕራፍ ደግሞ ለብቻው አለ። እዛ ውስጥ "ማተርስ ኦፍ ዲስክሪሽን" የሚለውን ዝርዝር ቅዱና እያንዳንዱን ንዑስ ርዕስ አድርጉት፣ ከስሩ መልሳችሁን ጻፉ። ይሄን ብቻ ብታደርጉ ማመልከቻችሁ እኔ ካየኋቸው ከግማሹ ይሻላል። ኦክላንድ ውስጥ ደግሞ አንድ ካውንስል ነው ሁሉንም የሚያየው፣ ክራይስትቸርች ብትሆኑ ኖሮ ለአየሩ ወደ ክልሉ ካውንስል፣ ለአጠቃቀሙ ወደ ከተማው ትሄዱ ነበር።

ድምጽና መኪና ላይ ብዙ አትድከሙ። የማሽኑና የፋኑ የዴሲቤል መጠን ከአምራቹ ወረቀት ላይ አለ፣ ከዞናችሁ ገደብ ጋር አስተያዩት፣ ፋኑ ጣሪያ ላይ ከሆነ ግን ለላይኛው ፎቅ መስኮት የቀረበ ነውና ድምጽ ማፈኛ አስቡለት። ጥሬ ቡና በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በምን ዓይነት መኪና፣ የት ቆሞ እንደሚራገፍ ሁለት መስመር ይበቃል።

ማና ዌኑዋን፣ ማለትም የቦታውን የማኦሪ ባለቤቶች፣ በተመለከተ በቀላሉ አትዝለሉት። ህጉ ማንንም የማማከር ግዴታ የለባችሁም ይላል፣ አማክራችሁ ከሆነ ግን ምን እንዳሏችሁ መጻፍ አለባችሁ። የናንተ ነባር ህንጻ ስለሆነና መሬት ስለማትቆፍሩ ነገሩ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ግን የካውንስሉ ካርታ ላይ ቦታው ለማና ዌኑዋ ልዩ ትርጉም ያለው ተብሎ ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ እዩና "አይተናል፣ የለበትም" ብላችሁ ጻፉ። ለነሱ አየርም ውሃም የራሱ ማውሪ፣ የህይወት ኃይል፣ ያለው ነገር ነው፣ ጸበል የሚያከብር ሰው ይሄን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

ስለ ጥቅሙ ደግሞ፣ ስራ እንደምትፈጥሩ፣ ከገበሬ ማህበራት እንደምትገዙ፣ ለማህበረሰባችን መሰብሰቢያ እንደሚሆን ጽፋችኋል፣ ጥሩ ነው፣ አታውጡት። ግን ቦታውን እወቁ፣ ለማን ይነገር የሚለው ሲወሰን የሚታየው ጉዳቱ ብቻ ነው፣ ጥቅሙ የሚመዘነው ከዛ በኋላ ኮንሰንቱ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ሲባል ነው። ጥቅሙን ጉዳቱ ላይ ደርባችሁ አትሸፍኑት። በነገራችን ላይ እዛ ሰፈር ያለው ሌላ ቡና ቆዪ "ገበያዬን ይወስዱብኛል" ብሎ ቢቃወም አትጨነቁ፣ የንግድ ፉክክር በህጉ አይቆጠርም።

ጎረቤት። ይሄ የኛ ሰው የሚችልበት ስራ ነው፣ ግን በጊዜው አይሰራውም። አንድ ጎረቤት በጽሁፍ ከተስማማ በሱ ላይ የሚደርሰው ተጽዕኖ ካውንስሉ ከሂሳብ ያወጣዋል፣ ቅጹ ፎርም 8ኤ ይባላል፣ የስራችሁን ንድፍም አብሮ ይፈርምበታል። ባለቤቱም ተከራዩም ሁለቱም መፈረም አለባቸው፣ አፓርትመንት ላይ ይሄ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም አገኛለሁ ብላችሁ አትነሱ፣ ለጭስ ማውጫው የቀረቡትን አስቀድሙ። "ሽታ ካለ አልስማማም" የሚል ሁኔታ ያለበት ፊርማ አይሰራም፣ ችሎት ካለ ከችሎቱ ቀን በፊት፣ ከሌለ ደግሞ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ሰውየው ሊያነሳው ይችላል። ስትሄዱ ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ንድፉንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰዓቱን፣ ጭስ ማውጫውን፣ ችግር ሲኖር የሚደውሉበትን ስልክ አሳዩዋቸው። እምቢ ካሉ ምክንያታቸውን ጻፉና ግምገማው ውስጥ መልስ ስጡበት። ፊርማ ባታገኙ እንኳ ያ መልስ ብዙ ይሰራል።

ራሳችሁ ኮንዲሽን፣ ማለትም ፈቃዱ የሚሰጥበትን ግዴታ፣ አቅርቡ። የምትቆሉበት ሰዓት፣ በቀን ከፍተኛው ኪሎ፣ አፍተርበርነሩ ስንት ዲግሪ ሳይደርስ መቁላት እንደማይጀመር፣ የጥገና መዝገብ፣ የቅሬታ መዝገብ። ፕላነሯ ራሷ ከምትፈጥረው ይልቅ እናንተ የምትኖሩበትን ብትሰጧት ይሻላል። ግን የማትችሉትን ቃል አትግቡ፣ አንዴ ኮንሰንቱ ላይ ከገባ ህግ ነው፣ ገና በዓል ሲደርስ "ትንሽ ቅዳሜም እንቁላ" ብትሉ ጥሰት ነው። የምታድጉ ከሆነ የዓመቱን ሳይሆን የአምስት ዓመቱን መጠን ገምግማችሁ አመልክቱ። የአየር ልቀት ፈቃዱ የጊዜ ገደብ አለው፣ እስከ 35 ዓመት ሊሰጥ ይችላል፣ ኮንሰንቱ ላይ ጊዜው ካልተጻፈ ግን 5 ዓመት ብቻ ነው፣ ስለዚህ የምትፈልጉትን ዓመት ማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉ።

ኮንሰልታንቱን በተመለከተ፣ ህጉ ባለሙያ ቅጠሩ አይልም። የቦታውን መግለጫ፣ የህጉን ዝርዝር፣ ድምጹን፣ መኪናውን፣ የጎረቤቱን ነገር ራሳችሁ ጻፉት፣ ፎቶ ጨምሩ፣ ከእያንዳንዱ መስኮት አቅጣጫ አንስታችሁ። ገንዘባችሁን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አውጡት፣ የአየር ጥራት ባለሙያ ላይ፣ ጥቂት ገጽ ሜሞ ይጻፍላችሁ፣ አፍተርበርነር ካስገባችሁ ሜሞው አጭር ይሆናል ዋጋውም ይቀንሳል። ከማስገባታችሁ በፊት ከካውንስሉ ጋር የቅድመ ማመልከቻ ስብሰባ ያዙ፣ ይከፈልበታል፣ ግን አንድ ጊዜ ከመመለስ ይረክሳል። ህንጻው ላይ ጭስ ማውጫ ስትተክሉ የቢልዲንግ ኮንሰንት ሊያስፈልግ ይችላል፣ በ2014ቱ የምግብ ህግ መመዝገብም አለ፣ እነዚህ ሌላ ጉዳይ ናቸው፣ አንዱን ማግኘት ሌላውን አይተካም። አርኤምኤ ሊቀየር ነው የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ በ2025 መጨረሻ የሚተኩት ረቂቆች ፓርላማ ገብተዋል፣ ግን በ2023 የወጣው ምትክ ህግ በዛው ዓመት ዲሴምበር ተሽሮ አይተናል፣ እሱን እየጠበቃችሁ አትቀመጡ፣ የምታስገቡበት ቀን ላይ የሚሰራውን ህግ ብቻ አረጋግጡ።

የቀረው የኪራይ ውሉ ነው። እህቴ፣ እንዳለ አትፈርሙት። አከራዩ ቢቸኩልም፣ ሌላ ሰው ጠይቆኛል ቢልም። ጠበቃችሁ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ያስገባላችሁ፣ የመሬት አጠቃቀሙም የአየር ልቀቱም ኮንሰንት እኛ ልንኖርበት በምንችል ኮንዲሽን ካልተሰጠ ውሉ ይፈርሳል የሚል፣ ቀን ቆርጦ። ቀኑን ስትቆርጡ 20 የስራ ቀንን አትመኑ፣ ጎረቤት እንዲነገረው ከተወሰነ አስተያየት መቀበያው፣ ችሎቱ፣ ከውሳኔው በኋላ ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት 15 የስራ ቀን አለ። ጣሪያው የጋራ ከሆነ ጭስ ማውጫ ለመትከል የአከራዩ ፈቃድ በጽሁፍ ይግባ፣ ይሄን ረስተው ኮንሰንት አግኝተው ጣሪያ የተከለከሉ ሰዎች ገጥመውኛል። አከራዩ ይሄን አንቀጽ አልቀበልም ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ፣ ማሽኑ ይንቀሳቀሳል፣ የ6 ዓመት ኪራይ ግን አይንቀሳቀስም። የቤቱን ፕላንና የአፓርትመንቱን መስኮት የሚያሳይ ፎቶ ካለሽ ላኪልኝና ከጭስ ማውጫው ጋር አስተያይቼ የመሰለኝን እነግርሻለሁ።